ከፍኖተ ሰላም እስከ ኮሶ በር

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ የዓባይን በረሃ ወርደህ ከወጣህ በኋላ፣ ደጀንንና ደብረ ማርቆስን አልፈህ፣ በጠቅላላው ወደ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ ፍኖተ ሰላም ትደርሳለህ። የስሙ ትርጓሜ የሰላም መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት መንገዱን ለተጓዥ አስጨናቂ ስላደረገው፣ ይህን ስም የሚጠራ ሰው ሳያዝን አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ የማጫውትህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚታየው ዛፍ ነው።

በመስኮት ተመልከት። በበርበሬውና በበቆሎው እርሻ መካከል አንድ ዋንዛ ወይም አንድ ብሳና ብቻውን ቆሟል፤ ገበሬው ለጥላው፣ ለንቡና ለሳንቃው ሲል ትቶታል። ከዚያ ወዲያ ዓይንህ የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ይህ የአውስትራሊያ እንግዳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ይኸው ባላገር ሆኗል። ገበሬውን ግን አትውቀሰው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ተቆርጦ የልጅ ደብተርና የቤት ቆርቆሮ ይሆናል፤ ዝግባ የሚተከለው ለልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ የአገሩ ዛፍ ወዴት ሄደ ብትል፣ ከጉብታው ላይ ያለውን ክብ ደን እይ። በመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያበራል። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ ታቦቱን ተጠግተው ቀርተዋል። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጎረቤት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ይህን ጥናታቸውንም በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ለዶክትሬት ማዕረግ አቅርበዋል። በዚያ ጥናት ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የአብዛኞቹ የአገር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። እናት ዛፏ አንድ ጊዜ ከጠፋች መሬቱን ብታጥረውም የሚበቅልልህ ሣርና አረም ነው። የበቀለውንም ችግኝ ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል።

ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ግን አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ቀሳውስቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን የደናቸውን ሥዕል አሳዩአቸው። በቢጫ ምድር መካከል ጥቂት አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቻ! ከዚያ በኋላ እንደ ዣራና ደብረ ሰና ባሉ ቦታዎች በአነስተኛ እርዳታ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ ከእርሻው ስለሚለቀም ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑም ይታጠራል። እኔ እንደሚመስለኝ ከብዙ ሚሊዮን ብር ዕቅድ ይልቅ ይህ ካብ ይበልጣል።

ተመሳሳይ በር በሌላም ወገን አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. የገባችበት የዓለም አካባቢ ፈንድ የአነስተኛ እርዳታ ፕሮግራም፣ ለአንድ የአካባቢ ማኅበር እስከ 50 ሺህ ዶላር ድረስ ሲሰጥ ቆይቷል። ችግሩ ማመልከቻው ነው። የቡሬ ገበሬ ወይራ ከየት እንደሚለቀም፣ ጠንካራው የፍሬው ቅርፊት ሲሰበር ዘሩ ቶሎ እንደሚበቅል ሊያስተምርህ ይችላል፤ ዓላማ፣ በጀት፣ የሥራ ሪፖርት እያሉ መጻፍ ግን ያንተ የጸሐፊው ሙያ ነው። የተማሪም ሥራ አለ፤ ከደኑ ዘር ለቅሞ በትምህርት ቤቱ ግቢ ችግኝ ማፍላት።

ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስድሃል። አንተ ግን የባሕር ዳሩን ያዝና ወደ እንጅባራ ውጣ፤ ሁለተኛ ስሟ ኮሶ በር ነው። መኪናው ለሻይ ሲቆም ከተሰበሰቡት ልጆች አንዱን ጠርተህ፣ «ኮሶ የትኛው ዛፍ ነው?» ብለህ ጠይቀው።