መከለያውን ስለ መመለስ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ኋላም መምህር ሆኜ ለብዙ ዓመት ለልጆች አስተምሬዋለሁ። ይሁን እንጂ ተረትን ማወቅና በተረቱ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይለቀምም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዛሬ የምጽፍልህ ይህን ነገር ከገዛ ጥፋቴ እንዴት እንደ ተማርሁት ነው።

በ2016 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ወደ ቤቴ መጣ። ብዙ ዘመን በሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ አሁን የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት ነበር። «መምህር፥ የጠረጴዛ መጋዝ ልገዛ ነውና አብረውኝ ሄደው ይምረጡልኝ» አለኝ። የቡና ሲኒውን በሁለት እጁ ሲቀበል ግራ እጁን አየሁት። ሁለት ጣቶች የሉትም። የጠፉትም በ1988 ዓ.ም. በዓይኔ ፊት፥ እኔ በምቆጣጠረው መጋዝ ላይ ነው። እምቢ ማለት አፈርሁ፤ አብሬው ሄድሁ።

ከሱቁ ስንደርስ ሁለት ማሽኖች አሳዩን። አንደኛው ትልቅና ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሻጩም የሞተሩን ጉልበት እያነሣ ያመሰግነው ነበር። ሁለተኛው አነስ ያለና ለዓይን የማይሞላ ነበር። እኔም ለተማሪዬ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፥ ጉልበቱን ከማየትህ በፊት ልጓሙን እይ። በመጀመሪያ እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን መምሪያ አጥብቅና ከመጋዙ ፊትና ከመጋዙ ኋላ ያለውን ርቀት ለካ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ እንጨቱን ያጣብቀዋል። ሁለተኛ፥ ከመጋዙ ኋላ የቆመውን ስስ የብረት ምላስ ፈልግ። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ መጋዙን እንዳይነክስ ከፍቶ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ከመጋዙም ጋራ አብሮ ከፍና ዝቅ ቢል ይሻላል። ሦስተኛ፥ ማጥፊያው እጅህ ሥራ ሲይዝ በጉልበትህ ልትደርስበት የምትችለው ይሁን። አራተኛ፥ ለእኛ አገር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ።»

ይህን ሁሉ የምለው በከንቱ አይደለም። 10 ኢንች ስፋት ያለው መጋዝ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር ጥርሱ በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ይሮጣል። ከፊት ያሉት ጥርሶች እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል፤ ከኋላ ያሉት ግን ወደ ላይ ይነሣሉና እንጨቱን ካገኙት አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። በዚያን ጊዜ እንጨቱን የያዘው እጅ አብሮ ይጎተታል። ሰው ይህ ሲሆን አይቶ እጁን ሊያነሣ አይችልም፤ ነገሩ ከዓይን ይፈጥናልና።

ተማሪዬም «ዳዶ ይቀበላል?» ብሎ ሻጩን ጠየቀ። ሻጩ ሣቀና ከመሳቢያው አንድ የቡሎን ዳዶ አውጥቶ አሳየው። በጋራዦቻችን ዳዶ ማለት ይኸው ከጣሊያኖች የወረስነው ቡሎን ማጥበቂያ ነውና አልፈርድበትም። ተማሪዬ የጠየቀው ግን ስለ ሌላ ዳዶ ነው። ይኸውም በሁለት ክብ መጋዞች መካከል ጠራቢ ምላጮች ተደርበው በአንድ ዘንግ ላይ የሚታሰሩበት፥ መደርደሪያ የሚገባበትን ሰፊ ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ለአውሮፓ የተሠሩት ማሽኖች አብዛኞቹ ዘንጋቸው አጭር ስለሆነ ይህን አይቀበሉም፤ የሚፈልገው ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሁለቱ ዳዶዎች ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ምላጮቹ ተደርበው ዘንጉን ሲሞሉት የቡሎኑ ዳዶ የሚነክሰው ጥርስ ያጥረዋል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ካልገባ፥ ምላጭ ቀንሶ ቦዩን በሁለት ጊዜ ማውጣት ነው እንጂ በግማሽ ጥርስ አምኖ ማስነሣት ራስን መግደል ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ ሲገጠም ስፒናው ከሶኬት መነቀል አለበት፤ የጠራቢዎቹ ጥርሶች የጎረቤታቸውን ጥርስ እንዳይነኩ መሆን አለባቸው፤ በመጋዙ አፍ ላይ ያለው ሽፋን ለዳዶ በተሠራው ሰፊ ሽፋን መለወጥ አለበት። ጥልቅ ቦይ በአንድ ግፊት አይወጣም፤ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። እጅም በመጋዙ ላይ አያልፍም፤ የሚገፋው በመግፊያ እንጨት ነው። ጓንትና የተንጠለጠለ ልብስ ከዚያ ይራቁ።

የዳዶ ትልቁ አደጋ ግን ይህ አይደለም። ቦይ የሚወጣው እንጨቱ ሳይበሳ ስለሆነ፥ በድሮው ማሽን ላይ ከመጋዙ በላይ ያለው መከለያና አብሮት የተያያዘው ምላስ ሊነሡ ግድ ነው። የተነሣ ነገር ደግሞ ካልመለሱት በተነሣበት ይቀራል።

በ1988 ዓ.ም. ሰኔ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ከዋንዛ እንሠራ ነበር። እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ስለ ነበር ቸኩለናል። ማሽኑ ከአሜሪካ በርዳታ የመጣ ነበር። ቦዮቹን በዳዶ ካወጣን በኋላ ዳዶውን ፈትቼ ተራውን መጋዝ መለስሁ፤ መከለያውን ግን «ነገ ደግሞ ዳዶ እንፈልጋለን፤ ለምን ሁለት ጊዜ እደክማለሁ» ብዬ መደርደሪያ ላይ ተውሁት። መከለያውን ለመግጠም አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር። የ17 ዓመቱ ልጅ አንድ የዋንዛ ጣውላ ለሁለት ሲሰነጥቅ እንጨቱ ተጨማደደና መጋዙን ነከሰው። ጣውላው ተወረወረ፤ እጁም አብሮ ሄደ።

ከዚህም የሚብሰው ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አለቃዬ ጽሑፍ በጠየቁኝ ጊዜ በመዝገቡ ላይ «አደጋው የደረሰው በተማሪው ጥንቃቄ ማጣት ነው» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ልጁም በተጠየቀ ጊዜ «እጄን አዳልጦኝ ነው» አለ። ሁለታችንም በዚያው ዝም አልን።

ከሱቁ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ይህን ሁሉ ነገርሁት። መዝገቡን የጻፍሁት እኔ መሆኔን፥ መከለያውን ያልመለስሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ጥቂት ዝም አለና እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፥ መከለያው መደርደሪያው ላይ መቀመጡን እኔም አይቼው ነበር። ነገር ግን እርስዎ ቆመው እያዩ ካልከለከሉኝ ደኅና ነው ብዬ አመንሁ።» ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ አነስ ያለውን፥ ምላስ ያለውን ማሽን ገዛ። ዳዶ የማይቀበል ስለ ነበር ቦዩን በእጅ በሚያዝ ራውተር እንደሚያወጣ ነገረኝ። ሠራተኞች በቀጠረ ጊዜም የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት እንድሰጥለት ለመነኝ፤ እኔም ሄጄ የዚያን ሰኔ ታሪክ ስሜን ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

እ.ኤ.አ. በ1999 እስቲቨን ጋስ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የሰው ሥጋ ሲነካው በሰከንድ አምስት ሺኛ ያህል ጊዜ ውስጥ የሚቆም መጋዝ አሰበ። በኋላም ለሕዝብ ሲያሳይ ጣት በመምሰል የሥጋ ቋሊማ ያስነካው ነበር። በዚያ ማሽን ላይ ዳዶ የሚያስር ሰው ለዳዶ የተሠራውን ሌላ ፍሬን መግጠም አለበት። እርጥብ እንጨት እንደ ሥጋ ሊያስቆመው ስለሚችልም ጠባቂውን ለጊዜው የሚያሰናብት ቁልፍ አለው። እንግዲህ ተመልከት፤ የሰው ጥበብ እዚህ ድረስ ቢደርስም ጠባቂውን የሚያሰናብተውም የሚመልሰውም ያው ሰው ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ፥ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። ለሥራ ብለህ ያነሣኸውን መከለያ ሥራው ባለቀ በዚያው ሰዓት መልስ፤ ለነገ አታቆየው። ታላቅህ ዝም ስላለ ብቻ ነገሩ ደኅና ነው አትበል፤ ያየኸውን በአክብሮት ተናገር፤ ታላቁም ሰው ነውና ይረሳል፥ ይታክታልም። የገዛ ጥፋትህንም በሌላ ሰው ስም በመዝገብ አትጻፍ። እኔ ከጻፍሁት በኋላ 28 ዓመት ሙሉ ሳነበው ኖሬአለሁ።