ስም የሌለው ወረቀት

ስለ ቶር ለመጻፍ ካሰብሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ቶር ማለት ሰው በኢንተርኔት ሲጽፍም ሆነ ሲያነብ ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ ተነሣ እንዳይታወቅበት የሚረዳ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ስለ እርሱ ከማተቴ አስቀድሞ አንድ የቆየ ዕዳዬን መናገር ግድ ሆነብኝ።

ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት፥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ለቤተ ሙከራ ዕቃ መግዣ እየተባለ ከየተማሪው ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። መንፈቁ አለፈ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። እኔም ‹‹የተሰበሰበው ገንዘብ የት ደረሰ?›› የሚል ወረቀት ጽፌ በአስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ጨመርሁ። ስሜን አልጻፍሁም። የእጅ ጽሕፈቴም እንዳይታወቅ ብዬ በግራ እጄ ጻፍሁት፤ በዚያ ጊዜ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ግራኝ መሆኑን ግን ከቶ አላሰብሁበትም።

በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ከቢሮ ተጠራ። ወረቀቱን አሳዩትና ‹‹ፊደሉ ያጋደለው እንደ አንተ ነው›› ተብሎ ወላጅ እንዲያመጣ ታዘዘ። አባቱ የቀን ሥራ እየሠሩ የሚኖሩ ሰው ስለ ሆኑ፥ ከሥራ ቀርተው እስኪመጡ ድረስ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። እርሱም ‹‹እኔ አልጻፍሁም›› ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም፤ እኔም ምንም አልተናገርሁም።

አሁን ወደ ቶር ልመለስ። ባለፈው ዓመት የኮምፒዩተር ክበባችን አስተማሪ አሠራሩን በፖስታ አሳዩን። አንዱ ተማሪ ሳይታይ ደብዳቤ ጽፎ በሦስት ፖስታ፥ አንዱን በሌላው ውስጥ እያደረገ፥ አሸገው። በየፖስታው ላይ የአንድ አቀባባይ ስም አለበት፤ ማንም ከራሱ ፖስታ በቀር የሌላውን መክፈት አይችልም። የመጀመሪያው አቀባባይ ደብዳቤው ከማን እንደ መጣ ያውቃል፥ ወዴት እንደሚደርስ ግን አያውቅም፤ መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም፤ የመጨረሻዋ ለማን እንደ ተላከ ታውቃለች፥ ማን እንደ ላከው ግን አታውቅም። በቶር ውስጥ ፖስታው በሒሳብ የተሠራ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፤ አቀባባዮቹም በየአገሩ በጎ ፈቃደኞች ያቆሙአቸው በሺሕ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በላይ በላዩ የተሸፈነ ስለ ሆነ በሽንኩርት ሰየሙት። (እናቴ ይህን ስትሰማ ‹‹ታዲያ ያስለቅሳል እንዴ?›› ብላኛለች።)

ደብዳቤው በመጨረሻ ለአስተማሪያችን ደርሶ ሲነበብ፥ በራሳቸው መላጣ የሚቀልድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ወደ ማን ይመስላችኋል? ደብዳቤውን ወዳቀረበችው ወደ ሦስተኛዋ ልጅ! ምስኪኗ ‹‹ኧረ እኔ አይደለሁም›› እያለች ብትምልም የሚያምናት አጣች። ሌላው ሲስቅ እኔ ግን መሣቅ አቃተኝ።

ይህ ነገር በክፍል ጨዋታ ብቻ የሚቀር አይደለም። ድሚትሪ ቦጋቶቭ የሚባል የሞስኮ የሒሳብ መምህር በቤቱ እንዲህ ያለ የመጨረሻ አቀባባይ ኮምፒዩተር አቁሞ ነበር። ሕዝብን ለሁከት የሚያነሣሣ ጽሑፍ ከርሱ በኩል ወጥቶአል ተብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ተያዘ። ወራት በእስር ቤትና በቁም እስር ካሳለፈ በኋላ በ2018 ክሱ ተነሣለት።

ዘዴውን በ1990ዎቹ አጋማሽ ያመነጩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሰዎች፥ ዴቪድ ጎልድሽላግ፥ ማይክል ሪድና ፖል ሲቨርሰን ናቸው። ኋላም ሮጀር ዲንግልዲንና ኒክ ማቲውሰን ከሲቨርሰን ጋራ ሆነው ቶርን ሠሩ፤ በ2002ም ሥራ ጀመረ። እጅግ ያስደነቀኝ ለሁሉም ክፍት ያደረጉበት ምክንያት ነው። የባሕር ኃይል ሰዎች ብቻ ቢጠቀሙበት ኖሮ ከቶር የወጣ መልእክት ሁሉ የባሕር ኃይል መሆኑ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ስለዚህ አንዱ እንዲሰወር ብዙው ከርሱ ጋራ መኖር አለበት፤ ጋዜጠኛው፥ ነጋዴው፥ ተማሪው፥ ወንበዴውም ሳይቀር። ወላጆቻችን ስለ ወንበዴው ብቻ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እውነት ነው፥ ሲልክ ሮድ የተባለው የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ በ2013 እስኪዘጋ ድረስ በዚሁ ተሸሽጎ ይሠራ ነበር። ነገር ግን በ2012 በአገራችን የቶር መንገድ፥ በመሥመር የሚያልፈውን ሁሉ በሚፈትሽ መሣሪያ በተዘጋ ጊዜ፥ የተቸገሩት የዕፅ ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ ብሎ የሚያምን አለን?

ደግሞም ቶር መንገድን እንጂ እጅን አይሰውርም። በርሱ ገብቶ በገዛ ስሙ የሚጽፍ ሰው ራሱን ያጋልጣል፤ የአነጋገር ልማዱም ይመሰክርበታል።

ስሜን መደበቄ እስከ ዛሬ አይጸጽተኝም። ጻፍ ብባል ኖሮ ወረቀቱንም ባልጻፍሁት ነበር፤ ጥያቄውም እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የሚቈረቍረኝ ሌላ ነው። የቶርን የመጨረሻ በር የሚያቆም ሰው የሌላው ጥፋት በራሱ ላይ ሊመጣ እንደሚችል ዐውቆ፥ ፈቅዶ ነው። ጓደኛዬን ግን ማን ጠየቀው? እኔ እጄን ስሰውር ጥርጣሬው አልጠፋም፤ ወደርሱ ዞረ እንጂ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ አነበብሁለት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ‹‹ዐውቄ ነበር›› አለኝ። እንዴት? ብለው ‹‹ወረቀቱን ሲያሳዩኝ ‹ተሰበሰበ› በንጉሡ ‹ሠ› ተጽፎ አየሁ፤ ከክፍላችን እንደዚያ የሚጽፍ አንተ ብቻ ነበርህ›› ሲል መለሰልኝ።

አባቱ ግን እስከ ዛሬ አልሰሙም። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እንድመጣ ነግሮኛል።