ጎሽ፤ ሰሙና ወርቁ

አማርኛችን ለውሻ ሁለት ልብ አለው። ሰውን ማዋረድ ሲያሻን ስሙን እንበደራለን፤ ታማኝነትን ማመስገን ስንፈልግ ደግሞ ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ብለን ውለታ ዐዋቂነቱን እንመሰክራለን፤ ወዲያው “ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል” ብለን የጥፋት ሁሉ በር ከፋች እናደርገዋለን። ምስኪኑ እንስሳ ግን ከሙገሳውም ከእርግማኑም የለበትም፤ ጭራውን እየቆላ ደጃችን ላይ ተኝቷል።

ይህ ሁለት ልብነት ውሻው ግዙፍ ሲሆን አንድ ልብ ይሆናል። ትንሿን ባለ ነጭ ጠጉር ውሻ ያየ ሰው “ስታምር!” ብሎ ያልፋል፤ ብትጮኽበት እንኳ ይስቅባታል። የእኔን ያየ ግን መንገድ ይሻገራል።

የእኔው ሮትዌይለር ነው። ጠጉሩ ጥቁር፣ ከዓይኖቹ በላይና ደረቱ ላይ እንደ ዝገት የቀላ ምልክት ያለው፣ አርባ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ ነው። አንድ ወዳጄ ኑሮውን ወደ ውጭ አገር ሲያዞር በቡችላነቱ ትቶልኝ ሄደ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ “ጎሽ” አልኩት። ቅኔ ወዳዱ አንባቢዬ የስሙን ሰምና ወርቅ ሳይነገረው ይደርስበታል። ሰፈርተኛው ስጠራው ሲሰማ የሚታየው ቀንዳሙ የዱር አውሬ ነው፤ እኔ ግን በጠራሁት ቁጥር “አበጀህ!” እያልኩት ነው። ሁለታችንም የምንኖረው በዚያ ሰምና በዚህ ወርቅ መካከል ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በኪራይ ቤት ነው። ሌሊት ጅብ ይወርዳል፤ ሌባም ቢሆን አይጠፋም። ግቢያችን ጎሽ ከመጣ ወዲህ በሰላም ያድራል። ይህን የሚክድ ጎረቤት የለም። ሌሊት የሚመሰገነው ጎሽ ግን ንጋት ላይ በማሰሪያው ይዤው ስወጣ ወንጀለኛ ይሆናል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይሰበስባሉ፤ ጎልማሶች “ያዘው! ያዘው!” ይላሉ፣ እንደያዝኩት እያዩ። ከአጥር ኋላ ድንጋይ የተወረወረበትም ቀን ነበር። ጎሽ ድንጋዩን አሸተተና ቀና ብሎ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ። ምን ብዬ እንደምተረጉምለት ቸገረኝ።

ፍርድ ለመስጠት ከመቸኮሌ በፊት የፍርሃቱን ሥር መመርመር ነበረብኝ። ሥሩም እውነተኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያስጥል መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ያህል የተያዙት ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባቱ ባያተርፍ ኖሮ፣ ስሙ ፓሪስን ተሻግሮ የእኛው አዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ እስከ መሆን ባልደረሰም ነበር። “ፓስተር ውረድ” እያለ ታክሲ ውስጥ የሚጮኸው ረዳት ሳያውቀው የዚያን ፍርሃትና የዚያን ድል ታሪክ ይጠራል። እንግዲህ ሕዝቡ ውሻ የሚፈራው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፤ ያልተከተበው ውሻ ሁሉ በየመንገዱ ሲንከራተት እያየን፣ ክትባቱን በየዓመቱ የሚወስደው ጎሽ ስለ ምን ስለ ቁመናው ይከሰሳል?

ስለ ዘሩ አነበብኩ። ሮትዌይለር ስሙን ያገኘው በደቡብ ጀርመን ካለችው ሮትዌይል ከተማ ነው። እዚያ የሥጋ ነጋዴዎች ውሻ ነበር፤ ከብት ይነዳል፣ ጋሪ ይጎትታል። ነጋዴዎቹም ከብታቸውን ሸጠው ሲመለሱ የገንዘብ ከረጢታቸውን በውሻቸው አንገት ላይ ያስሩ ነበር ይባላል። ባንክ ቤት ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝና ይህ ወግ ልቤን ነካው። የሥራ ባልደረባዬ ኖሯል ለካ! በኋላ ባቡር መጥቶ ከብቱን ሲያጓጉዝ ውሻው ሥራ ፈታ፤ ዘሩም ሊጠፋ ደረሰ። ካስታወሱትም በኋላ ለፖሊስ ሥራ ተፈለገ። አስፈሪ የሚለውን ስም ይዞ አልተወለደም፤ ሰው ያሸከመው ነው።

ዘርን በጅምላ መክሰስ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ ፒት ቡል ቴሪየርን፣ የጃፓኑን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌይሮን ከለከሉ፤ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ማኖር በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ሆነ። ጣልያኖች በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2009 የአደገኛ ዘሮችን ዝርዝር ሰርዘው ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከዐሥራ ስምንት ሺህ በላይ ውሾችን መርምሮ፣ በውሾች ጠባይ መካከል ካለው ልዩነት ዘር የሚያስረዳው ከመቶ ዘጠኝ ያህሉን ብቻ መሆኑን ገለጠ። ሆኖም ሚዛን ማጋደል አልወድም፤ የትልቅ ውሻ ንክሻ ከትንሹ ይልቅ ይጎዳል። የጎሽ መንጋጋ የጎሽ መንጋጋ ነው። ጉልበት ግን ሐሳብ አይደለም።

ሥራዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሐሰተኛ ብር የሚለየው በጥርጣሬ አይደለም። ኖቱን በጣት ይዳስሷል፤ ወደ ብርሃን ያነሡታል፤ ከዚያ ይፈርዳሉ። ያረጀና የቆሸሸ ስለሆነ ብቻ “ሐሰተኛ ነህ” የተባለ ብር የለም። ጎሽን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየው ግን ማን ነው?

አከራዬ አንድ እሑድ ጠሩኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ በዓል ሲመጣ ያለ እኔ አይቆርሱም።

“ልጄ፣ አንተን የሚጠላህ የለም” አሉኝ። “ይህ አውሬህ ግን ከዚህ ግቢ ካልወጣ ሰፈሩ አያስቀምጠኝም። እስከ መስቀል አንድ ነገር አድርግ፤ ካልሆነ ቤቱን ትለቅልኛለህ።”

“እማማ፣ እስካሁን የነከሰው ሰው አለ?” አልኳቸው።

“እስኪነክስ እንጠብቅ?”

ለዚህ መልስ አጣሁ። ጎሽን የከሰሱት ባለፈው ሥራው ቢሆን ምስክር እጠራ ነበር፤ የከሰሱት ገና ባልመጣ ቀን ነው። ላልመጣ ቀን ምስክር ከየት ይመጣል? ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነበር። ያልመጣውን ቀን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ በጥንቃቄ ግን መጠበቅ ይቻላል።

የአቤቱታው መሪ ከጎረቤት ያለች እናት እንደ ሆነች ዐውቅ ነበር። ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት በመንገድ ውሻ ተነክሶ ስንት ቀን በመርፌ ተመላልሷል። ጎሽን ቤት ትቼ፣ የክትባት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ቡና አቀረበችልኝ፤ ደብተሩን ገልጣ አየችና መለሰችልኝ።

“ወንድሜ፣ ወረቀቱ ለአንተ ነው” አለችኝ። “ጥርሱ ግን ለልጄ ነው።”

ይህ ቃል ከሕጎቹም ከጥናቶቹም ይልቅ ዘለቀኝ። እርሷ የምትፈራው ጎሽን ሳይሆን ያን የመንገድ ውሻ ነው፤ ጎሽ የሌላውን ዕዳ እየከፈለ ነው። ለቆሰለ ሰው ግን “ተሳስተሻል” ማለት ቁስሉን መርገጥ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ተነጋገርን። የምወጣበትን ሰዓት ነገርኳት፤ ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ልጆች ደጅ በማይኖሩበት። ማሰሪያውን አሳጠርኩ። የአፍ ማሰሪያ ገዛሁለት፤ ጎሽም እንደ ሰንበት ልብስ በትዕግሥት ለመደው። ለግቢው በር ሁለተኛ መቀርቀሪያ አሠራሁ፤ ቁልፉንም ለአከራዬ ሰጠሁ።

በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ሄደ፤ በቁርኣንም የዋሻው ሰዎች ውሻ ከደጃፉ አልተለየም። በሁለቱም ታሪክ ውሻው አንዳች አይናገርም፤ አብሮ ይገኛል፣ በቃ። ጎሽም ለራሱ ጠበቃ መሆን አይችልምና የቻለውን አደረገ፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዝግታ፣ በዚያው ደጅ አለፈ።

መስቀል አለፈ፤ ደመራው ነዶ ዐመድ ሆነ። አከራዬ ስለ ቤቱ ያነሡት ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አሁንም መንገድ የሚሻገር አለ፤ ይሻገር፣ መንገዱ የሁላችን ነው። ያ ልጅ ግን ሰሞኑን ማልዶ ተነሥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። ትናንት ስናልፍ በቀጭን ድምፅ “ጎሽ!” ሲል ሰማሁት። አውሬውን ጠርቶ ይሁን አመስግኖ፣ አልለየሁም። ጎሽ ግን ጭራውን ቆላ።

ስምህን ሲሰሙ ቀንድህ ታያቸው፤
በሌለህ ቀንድ ወግተህ ስንቱን አቆሰልካቸው!
እኔ ስጠራህ ግን ምስጋና ነው ቃሉ፤
ጎሽ! እያልኩ እኖራለሁ፣ እስኪገኝ ውሉ።