ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ

ያደግኩት ግድግዳው አዲስ ዘመን ጋዜጣ በለበሰ ቤት ውስጥ ነው፤ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። ጭቃው እየተፈረፈረ አልጋ ላይ እንዳይረግፍ፣ ቤቱም ለእንቁጣጣሽ ፊት እንዲኖረው፣ እናቴ ጳጉሜ ላይ የዱቄት ሙጫ አፍልታ አሮጌውን ጋዜጣ በአዲስ ትሸፍነዋለች። «አዲስ» ማለቴ ለግድግዳው ነው እንጂ ጋዜጣውስ በኪሎ የተገዛ፣ የከረመ ወሬ ነው። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች አንዳንዱ ገጽ በአናቱ ተተክሎ ይደርቃል። እኔና ታላቅ እህቴ የምንተኛው እንዲህ ካለው ገጽ ሥር ስለነበር፣ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሳልደናቀፍ አነባለሁ። ይህ ችሎታዬ ብዙም አልጠቀመኝም፤ አለቃ ፊት ስቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ ቀድሜ ከማየት በቀር።

የሚያናድደኝ «ወደ ገጽ 5 ዞሯል» የሚለው ነበር። ገጽ 5 እኛ ቤት የለም። ጋዜጣውን እናቴና ጎረቤታችን እትዬ በጋራ ገዝተው ስለሚካፈሉት፣ የወሬው ራስ እኛ ጋ፣ ጅራቱ እሳቸው ጋ ይለጠፋል። ስለዚህ በራቸውን ገፋ አድርጌ «እትዬ፣ ገጽ 5ን ልየው?» እላለሁ። «ግባ፣ ቡፌውን እንዳትነካ ብቻ» ይሉኛል። አንገቴን ከቡፌው ጎን ሰድጄ አነብላቸዋለሁ፤ የስብሰባው መግለጫ ሲረዝም «በቃ፣ ኳሱን ንገረኝ» ይላሉ። ኳስ ይወዱ ነበር እትዬ።

ጋዜጣው ቢነሣ ከሥሩ ያለው ሁላችሁም የምታውቁት ጭቃ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቀጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በአግድም ማገር ይታሠርበታል፣ ከዚያ ጭድ የገባበት፣ ቀናት የቦካ፣ በእግር የተረገጠ ጭቃ ይመረግበታል። ይህ ግን የውጭው ግድግዳ ነው። በእኛና በእትዬ መካከል ያለው ይህንንም ክብር አላገኘም። ቤቱ ድሮ የአንድ ባለጸጋ ሆኖ በኋላ ለብዙ ሰው የተከፋፈለ ነው፤ መለያያው ጣውላ ላይ በተወጠረ ጆንያ ላይ የተመረገ ስስ ጭቃ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የእኛም ከነጆንያው የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ እዚያው ረግቶ ቀረ፤ ተከራይ ደስ አለው። ቀበሌም በዚያች ሳንቲም ጣራ አያድስም፣ ተከራይም ያለ ፈቃድ ጣራ አይነካም። እኛ ወደ ላይ ስናድግ ቤቱ ወደ ጎን ያዘነብል ነበር።

በዚያ ጆንያ በኩል የማይሰማ ነገር የለም። የእትዬ ባል ከሥራ ሲመጡ ጫማቸውን የሚያወልቁበትን ቅደም ተከተል እናውቃለን፤ ግራው ይቀድማል። ሳሉ የማን እንደሆነ፣ ሙቀጫው በርበሬ ይሁን ቡና፣ ልጁ የተገረፈው በቀበቶ ይሁን በአርጩሜ፣ ሁሉም በጆሮ ይለያል። እነሱም የእኛን እንዲሁ። ይሁንና ሰፈራችን ወሬኛ ነበር የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ወሬማ ነበር፤ ከወሬው የሚበልጥ ሌላ ትምህርት ግን ነበር፣ አለመስማት የሚባል። ማታ እነ እትዬ ተጣልተው እንቅልፍ ነሥተውን ካደሩ፣ ጠዋት እናቴ በር ላይ ስታገኛቸው «እንዴት አደራችሁ? እኔስ ዛሬ እንደ ሬሳ ተኝቼ» ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል። እትዬም ዓይኗ መቅላቱን አያዩም። ጠቡ ወደ ዱላ ያዘነበለ የመሰላት ሌሊት ግን እናቴ ዘነዘናውን አንሥታ ግድግዳውን ደህና አድርጋ ትመታዋለች፤ ወዲያው ጸጥ ይላል። በነጋታው ስለ ዘነዘናውም የሚያነሣ የለም። ያ ዘነዘና ለሁሉም ቤት እንዳልበቃ ዛሬ ሳስበው ይገባኛል፤ ዝም ተብሎ የታለፈ ዱላም ነበረ።

ከሁሉ የረቀቀው የምሳ ሰዓቱ ነው። እትዬ ጋ ሙቀጫው ሳይሰማ፣ ቡታጋዙ ሳይንሿሿ ስድስት ሰዓት ካለፈ፣ እናቴ ሽሮውን በሳህን ታደርግና «ሂድ፣ ጨው በዝቶብኝ እንደሆን ቅመሱልኝ በላቸው» ብላ ትልከኛለች። ለመቅመሻ አንድ ሳህን ሙሉ ወጥ ከነእንጀራው! ጨው በዝቶ አያውቅም። ሳህኑም ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ከሳምንት በኋላም ቢሆን ቆሎ ይዞ ይመጣል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት እናቴን ጨው የማትመጥን ሴት አድርጌ አስባት ነበር።

ቆጣሪው ግን ዲፕሎማሲ አያውቅም። ግቢው በሙሉ በአንድ መብራት ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው፤ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ይካፈላል። በዚህ የተነሣ በየወሩ መጨረሻ ጉባኤ አለ፤ የጉባኤው ሊቀ መንበር እኛ ልጆቹ «ጋሼ ቆጣሪ» የምንላቸው፣ እስክሪብቶ ከጆሯቸው የማይወርድ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ሰው በስውር የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሰካ የሁላችንም አምፖል ይፈዝዛል፤ ጋሼ ቆጣሪም ግቢው መሐል ቆመው የጤፍ ሽታ ያነፈንፋሉ። ወንጀለኛዋ በእንጀራዋ ሽታ ትያዛለች፤ ቅጣቱም ያው ትኩስ እንጀራ ነው።

ውጪውም በጆሮ ነበር የሚኖረው። ንጋት ላይ የጊዮርጊስ ቅዳሴና የኑር መስጊድ አዛን ተከታትለው ይመጣሉ። ከረፋዱ ጀምሮ ቆራሌው ጠርሙስና ቆርቆሮ ፍለጋ ይጮኻል፤ ልዋጭ ባዩ አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። አባቴ ኮቱን የፈለገ ቀን ሳፋችን አዲስ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። የሚያስፈራው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳይነጋ የሚመጣው የዕድሩ ጡሩምባ። ጡሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ አልጋ ላይ ቀና ብሎ የሟቹን ስም ይጠብቃል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም እኛ ግቢ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። በመጨረሻ ጥግ ያለው ቤት ሲገባ፣ አባባ ተስፋዬ ተረት በሚያወሩበት ሰዓት እግራችንን ቦኖ ላይ ታጥበን በሰልፍ እንገባለን። ያልታጠበ በር ላይ ሆኖ ያያል። እኔ አብዛኛውን ተረት ከበር ነው የሰማሁት።

የድሮ ሰፈር ሲወሳ ሽንት ቤቱን የሚያነሣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ትዝታ አፍንጫ የለውም መሰል። እኔ ላንሣው፦ ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ አንድ ጉድጓድ፣ በሩ መቀርቀሪያ የሌለው፣ ውስጥ ያለ ሰው በሳል የሚያስታውቅበት። ክረምት ላይ ይሞላል፤ ቀበሌው መኪና እስኪልክ ድረስ የሆነውን አልጽፍም። በነሐሴ ጣራው ሲያፈስ በየአልጋው ላይ ሳፋ፣ ድስትና የመርቲ ቆርቆሮ ይደረደራል። ጠብታውም ጋዜጣዬን እያላላ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ላይ አንድ ሚኒስትር ለሁለት ተቀዶ ይገኛል። ያን ቤት ላድስ ብሎ የሚነሣ ቢኖር አመሰግነው ነበር። ያለቀሰለት ሰው ሁሉ ተመልሶ ይኑርበት ቢባል፣ እኔን ጨምሮ፣ ሰልፍ አይኖርም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። እናቴ ቀደም ብላ ወደ ኮንዶሚኒየም ስለሄደች መፍረሱን ያየችው በቴሌቪዥን ነው፤ «ያ የእኛ ቆርቆሮ አይደል?» እያለች። ኮንዶሚኒየሙ ውኃው በቤት፣ ሽንት ቤቱ በቤት፣ በሩ ከነቁልፉ። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን እንጂ ድምፅ እንደ ልቡ ያልፋል። ከጎን ያለው ሰው ሲስል እናቴ ትሰማለች። ማን እንደሆነ ግን አታውቅም፣ ስለዚህ እንዳልሰማች መምሰልም አያስፈልጋትም። አንድ ቀን «ጨው በዝቶብኝ እንደሆን» ብላ የእህቴን ልጅ ሳህን አስይዛ ብትልካት፣ ልጅቷ ከነሳህኑ ተመለሰች፤ «አላዘዝንም» ብለዋታል።

የዕድሩ ነገር ግን አልፈረሰም። ቦሌ አራብሳ የሄደውም፣ ጀሞ የገባውም፣ ልጁ ጋ የተጠጋውም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጊዮርጊስ አካባቢ ይሰበሰባል፤ እናቴ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች። ባለፈው ሸኝቻት ስሄድ ክርክሩ በድንኳኑ ላይ ነበር። አባሉ በአራቱም ማዕዘን ስለተበተነ ድንኳን፣ ወንበርና ጎላ ድስት ለማጓጓዝ የሚከፈለው ከለቅሶው ወጪ በለጠ። አንዱ ወርኃዊ መዋጮው ይጨመር አለ። ሌላው እያንዳንዱ ሟች የራሱን አይሱዙ ይክፈል ሲል ሳቅ ሆነ። ጋሼ ቆጣሪ፣ አሁን ምርኩዝ ይዘዋል፣ እስክሪብቷን ከጆሯቸው አወረዱና ክፍያው በኪሎ ሜትር ይካፈል፣ ሩቅ የሄደ ብዙ ይክፈል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። «እኔ መርጬ ነው እንዴ ሩቅ የሄድኩት?» ብለው ከኋላ የተነሡት እትዬ ናቸው። ድምፅ ሳይሰጥበት ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይሞት የዕድሩ ዳኛ አሳሰቡ።