ከ51 ዓመት በኋላ ደሴ ላይ

«ተራራና ተራራ አይገናኝም እንጂ ሰውና ሰው ይገናኛል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰውና ሰው የሚገናኘው አንዱ ሌላውን ሲፈልገው ነው። ከትዳር፣ ከልጅና ከሥራ መሀል ጊዜ አውጥቶ የድሮ ባልንጀራን መፈለግ ደግሞ በተለይ ለእኛ ለሴቶች ቀላል አይደለም። አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ብትጠየቁ ስለ ስንቶቹ መልስ ትሰጣላችሁ? ዛሬ በዚህ ዓምድ ወደ ደሴ የምንወስዳችሁ ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

የጉዞው ጊዜ 2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። ተጓዦቹም በ1964 ዓ.ም. በደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አብረን የገባን ሴቶች ነን። መፈላለግ የጀመርነው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ነበር። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ አዲስ አበባ ያለነው «እገሊት ወጣች ወይ? እገሊትስ?» እያልን በጭንቀት ስንጠያየቅ ከረምን። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ሲፈረም ደግሞ «ሞት ሳይቀድመን አንድ ቀን እንገናኝ» ተባባልን። ከመካከላችን ጡረታ የወጣችው ነርስ የስም ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ኃላፊነት ወሰደች።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት በ11 ሰዓት ሦስት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ ነርሷና ለብዙ ዓመታት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው ጓደኛችን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ አራተኛዋ ጋቢዋን ተከናንባ መንገድ ዳር ትጠብቀናለች። እሷ መምህርት ነበረች፤ በጡረታ ላይ ናት። በዚያ ብርድ ተቃቅፈን ስንላቀስ የመኪናው ሾፌር «እናቶቼ፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄዱት?» ብሎ አሣቀን።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ከፍታ ላይ በወረራው ዘመን ጣልያኖች የሠሩት ዋሻ አለ። ዋሻውን አልፎ አገሩ ሁሉ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ጋቢው ወለቀና ማንጎ ተበላ። አጣዬን፣ ካራቆሬንና ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ገባን። አምስተኛዋ የምትኖረው እዚያ ነው፤ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ግድ ነው። ልጆች ሳለን በአውቶቡስ ስንወጣው ዓይናችንን እንጨፍን ነበር። አሁን ግን ወሬው ስላላለቀልን ገደሉን ያየው አልነበረም።

ደሴን ያላያችሁ እንደሆነ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተኛች፣ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ፣ ጉሙ ሲወርድባት ጎረቤት ከጎረቤት የማይተያይባት ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው ያደረጓት ከተማ ስትሆን እሳቸው ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ አለ። ስሙ እንዴት እንደወጣ የደሴ ሰው ሲናገር፣ በግብሩ ላይ ደኃና ሀብታም ሳይለይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠየፍ አብሮ ይበላበት ስለነበር ነው ይላል። ትምህርት ቤታችን የተሰየመው በንጉሡ ልጅ በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ሲሆን፣ እሳቸውም የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ግቢው በኋላ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። በበሩ ላይ ቆመን ስናይ፣ እኛ በደብተር ብቻ እንመላለስበት በነበረው ስፍራ ሴት ልጆች የሥራ ልብስ ለብሰው ሲወጡ አየንና ደስ አለን።

ያረፍነው በስድስተኛዋ ቤት ነው። እሷ በሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትነግድ የኖረች፣ መካ ደርሳ የተመለሰች በመሆኗ እኛም እንደ ሰፈሩ «ሐጂዬ» እንላታለን። ምግቡን የወሎን ወግ የምታውቁ ትገምቱታላችሁ። የእስላሙ ሥጋ በሐጂዬ ቤት፣ የክርስቲያኑ ሥጋ በጎረቤቷ ቤት ተሠርቶ መጣና በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ገበታ ተበላ። ቡናው ግን አንድ ነበር።

አቦሉ ሲቀዳ የሁላችንም ኑሮ መቆጠር ጀመረ። ነርሷ በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ከተሰማሩት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዷ ነበረች። እኛም እንዲሁ። «ካኪውን ለብሼ ስሄድ አባቴ መንገድ ድረስ ሸኝቶኝ ነበር፤ ስመለስ አላገኘሁትም» አለች። መምህርቷ ስንት ልጅ እንዳስተማረች ተናግራ «የራሴን ልጅ የቤት ሥራ ግን አይቼ አላውቅም፤ ማታ የማርመው ደብተር ይጠብቀኛል» አለች። የፋብሪካዋ ሠራተኛ ነገር ብዙዎቻችሁን ይነካል፤ «የሌሊት ፈረቃ ስገባ ልጆቼን ያሳደገቻቸው ጎረቤቴ ናት። እነሱ ዛሬም እሷን ‹እማዬ› ይላሉ፤ እኔን በስሜ ይጠሩኛል» አለችን። ከጅዳ የመጣችው ሦስት ወንድሞቿን አስተምራ፣ ለእናቷ ቤት ሠርታለች። ትዳርና ልጅ ግን አላገኘችም። «ተሳካላት ይሉኛል፤ እኔ ግን ማን እንደሚጦረኝ አላውቅም» ስትል ሐጂዬ «አብሽሪ፣ እኛ አለን አይደል!» ብላ እጇን ያዘቻት።

ከዚህ በኋላ ሐጂዬ አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። በ1964 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሣነው ነው። ጦርነቱ ሲገባ ከቤት ስትሸሽ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጋ ይዛው ወጥታለች። ሁላችንም መነጽራችንን አድርገን ቆጠርን። በፎቶው ላይ ያለነው ዘጠኝ ነን። ስድስታችን እዚያው ተቀምጠናል። አንዷ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሞታለች፤ አንዷ በሕመም ዐርፋለች። ዘጠነኛዋስ? በነርሷ ዝርዝር ላይ ስሟ የለም። ዝርዝሩ የተዘጋጀው በ1967 ዓ.ም. ለዘመቻ ከተመዘገቡት ነውና፣ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱን የተወች ልጅ ልትገባበት አትችልም ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ያች ዘጠነኛዋ በሒሳብ ከክፍሉ ወንዶች ሁሉ አንደኛ የምትወጣ ነበረች። ወላጆቿ በሐይቅ ዙሪያ ገበሬዎች ሲሆኑ እሷ ደሴ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ጠፋ። ረኃቡ ሰዉን ከቀዬው አፈናቅሎ በአስፋልቱ ዳር ያፈሰሰበት ዘመን ነው። እሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ መጥቶ ወሰዳት፤ እህል ያለው ቤት ተገኝቶ ተዳረች። ዕድሜዋ 16 ነበር። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመት እንድታገባ ይፈቅድ ስለነበር የከለከለው አልነበረም።

ሐጂዬ ከሐይቅ የሚመጡትን ነጋዴዎች ታውቃለችና ስልክ መደወል ጀመረች። ከመተኛታችን በፊት «አለች፤ ከተማው ውስጥ ናት» የሚል መልስ መጣ። በማግሥቱ ጧት ስድስታችንም ተነሣን።

ሐይቅ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃው ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከዳሩ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ስመ ጥር የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ሴቶች ስለማይገቡበት እኛ ከሩቅ ተሳልመን አለፍን። የጓደኛችንን ቤት ያሳየን አንድ ትንሽ ልጅ «የእድሯ ሒሳብ ያዥ ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ለካስ የሰፈሩን የሴቶች እድር ሒሳብ ለብዙ ዓመታት የያዘችው እሷ ኖራለች!

በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ «አፈር ስሆን ግቡ!» አለች። ፎቶውን ስናሳያት ከኛ ይልቅ እሷ የሁሉንም ስም፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር ታስታውስ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እሷ ቀርባ፣ አንዱን ልጅ አዝላ አንዱን በእጇ ይዛ ባልቴቶችን አስተምራለች። «ከሁላችሁ ቀድሜ መምህርት የሆንሁ እኔ ነኝ» ብላ መምህርቷን አሣቀቻት። አምስት ልጆቿን አስተምራለች፤ አንደኛዋ መሐንዲስ ናት።

ነገሩ በዚህ አበቃ ብንላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። ነገር ግን ነርሷ «እንግዲያማ አልተጎዳሽም» ስትላት ፊቷ ተለወጠ። «ተጎድቻለሁ እንጂ» አለች። «ልጆቼን በማስተማሬ ደስ ይለኛል፤ የራሴ ቁጭት ግን አልወጣልኝም። አባቴን አልወቅሰውም፤ ረኃብ ነበር። ያዘንሁት ከመካከላችሁ አንዲት እንኳ ‹የት ደረሰች?› ሳትል በመቅረቷ ነው።» ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ቡና የቆላችውም፣ ዝምታውን የሰበረችውም እሷው ራሷ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የምናካፍላችሁ ነገር ይህ ነው። የክፍል ጓደኞቻችሁን ለመሰብሰብ ያሰባችሁ እንደሆነ ዝርዝሩን ከተመረቁት አትጀምሩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። ማትሪክ ያለፉትን ማግኘት ቀላል ነው፤ ስልካቸውም መሥሪያ ቤታቸውም ይታወቃል። የድሮ ፎቶግራፍ አውጡና ፊቶቹን ቁጠሩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀሩትን ጠይቁ፤ የገበያ ሰው፣ የእድር ሰው ያውቃቸዋል። መዋጮው ከበዳት ወይም ልብስ የለኝም ብላ ቀረች እንደሆነ አዳራሽ መከራየቱን ትታችሁ እሷ ቤት ሂዱ። ቆሎና ቡና ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሕጉ ዛሬ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ደንግጓል። ይሁንና ዝናብ ሲጠፋ፣ ጦርነት ሲመጣና ኑሮ ሲከብድ ከትምህርት ገበታ ቀድማ የምትነሣው ሴት ልጅ መሆኗ በወረቀት ብቻ አይቀርም። ይህ የገጠር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ሥራ ስትውሉ ልጃችሁን የምትይዘው፣ እንጀራውን የምትጋግረው ልጅ ስንተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች? ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እሷም በአንድ ትምህርት ቤት ከነፎቶዋ የጎደለች የአንድ ክፍል ልጅ ናት። የማታ ትምህርት እንድትመዘገብ ማድረግ፣ በ11 ሰዓት ከሥራ መልቀቅ፣ ደብተርና እርሳስ መግዛት የቤታችሁን ኑሮ አያናጋም። እራቱ ትንሽ ሊዘገይ ይችል ይሆናል፤ እሱን ግን ቤተሰቡ ተጋግዞ ያደርሰዋል።

የሐይቋ ጓደኛችን ስንሰናበታት አንድ ነገር ጠየቀችን፤ «የሚቀጥለውን እዚሁ አድርጉት፤ ሒሳቡን እኔ እይዛለሁ።» እኛም ተስማምተናል። ዝርዝሩንም ነርሷ እዚያው በፊቷ እንደ አዲስ ጽፋ ለሒሳብ ያዧ አስረከበቻት።