ስለ ከተማ ሰው አበላልና ስለ ውፍረት

በአገራችን ሰው ከወዳጁ ጋር ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲገናኝ፥ ሰላምታው እንዳለቀ አስቀድሞ የሚመለከተው ሰውነቱን ነው። ወፍሮ ያገኘው እንደ ሆነ «ተመችቶሃል!» ብሎ ደስታውን ይገልጽለታል፤ ከስቶ ያገኘው እንደ ሆነ ግን ፊቱ ጠቁሮ «ምነው፥ ደኅና አይደለህም እንዴ?» ሲል ይጠይቀዋል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ በዓይናቸው ባዩ ወላጆች ዘንድ፥ ሰውነት ሞልቶ መታየት የጥጋብና የሰላም ምልክት ነበር። በኋላም በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው ሲቀጥፍ፥ የከሳ ሰው ሁሉ በሐሜት ዓይን ይታይ ስለ ነበር፥ መክሳት ይበልጥ የሚያስፈራ ነገር ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ለተወለደበት ዘመን የተስማማውን ያህል፥ ዛሬ በከተማ ወንበር ላይ ለሚውለው ሰው አልተስማማውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከመጠን በታች የከሱ፥ ከመቶ 8ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። ውፍረቱ በርክቶ የታየውም በአዲስ አበባ ነው። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ መክሳትና መወፈር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ውፍረትን የሚያመካኙት በግብዣ፥ በክትፎና በጥሬ ሥጋ ነው። ግብዣ ግን በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ የቀሩትን ቀኖች የሚሞላው የዘወትር ኑሮ ስለ ሆነ፥ ሒሳቡም መታሰብ ያለበት ከዚያ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውለውን ሰው እንመልከት። ጧት፥ በረፍት፥ ከምሳ በኋላና ወደ ማታ አራት ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣ፥ በእያንዳንዱም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፥ በቀን 12 ማንኪያ ይሆናል። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ ድምሩ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ እንዲህ ያለው የተጨመረ ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከዐሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል አሳስቧል። በምሳ ሰዓት የሚከፈተው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። ይህ ሁሉ ወደ ሆድ የሚገባው ማንም «በላሁ» ሳይል ነው።

ጾሙም ቢሆን በከተማ መልኩን ለውጧል። ሳምቡሳው፥ ቦምቦሊኖው፥ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮና ፓስታ ሁሉ «የጾም» ተብለው ይቀርባሉ። አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፥ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል። ጥፋቱ የእንጀራው ወይም የሽሮው አይደለም፤ አያቶቻችን ይህንኑ በልተው ከማለዳ እስከ ማታ በእርሻና በመንገድ ላይ ያወጡት ነበር። እኛ ግን ከቤት ወደ ታክሲ፥ ከታክሲ ወደ ወንበር እንሄዳለን፤ ማታም በሁለትና በሦስት ሰዓት የቀኑን ዋና ምግብ በልተን ወዲያው እንተኛለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፥ በቀን የማትታየው ትርፍ በዓመት ብዙ ኪሎ ትሆናለች።

ይህን ነገር ከወረቀት ብቻ አላወቅሁትም። ታላቅ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. ገና በ44 ዓመቱ የስኳር በሽታ ተገኘበት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፥ ክብደቱ 90 ኪሎ ነበር። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፥ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ የሚያደርግ መሆኑን ሐኪሙ አስረዳው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣ፥ ማለዳ በእግሩ እየሄደ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ 78 ኪሎ ደረሰ። የሐኪሙን ምክር መፈጸም ግን ከዘመድ ጋር ከመቀመጥ ይቀልለው ነበር። ያየው ሁሉ አዘነለት፤ አንዳንዱም ሥራ ተበላሽቶበታል ብሎ አማው።

በአንድ የፋሲካ በዓል አክስታችን ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ፥ ይህችን ብቻ! ምነው ልጄ፥ እንዲህ አመድ መስለህ የቀረኸው?» አሉት። እርሱም ብድግ ብሎ «እትዬ፥ የከሳሁት እኮ እንድቆይልዎ ብዬ ነው» ሲል መለሰላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ጉርሻውን ለሁለት ከፍለው «እንግዲያስ ይህችን ታህል» ብለው ግማሹን አጎረሱት፤ እርሱም ተቀበለ።

እኔ ከብዙ ምክር ይልቅ ያችን ግማሽ ጉርሻ እመርጣለሁ። ፍቅሩ አልቀረም፤ መጠኑ ብቻ ተስተካከለ። ባህላችን ውፍረትን ለመከላከል መፍረስ አያስፈልገውም፤ ጉርሻው ቢያንስ፥ «በሞቴ» ማለቱም ሁለት ጊዜ ሳይደገም ቢቀር ይበቃል።

እያንዳንዱ አንባቢ ራሱን መመርመር ይችላል። ክብደቱን በኪሎ ይያዝ፤ ቁመቱን በሜትር ይለካና በራሱ ያባዛው፤ ክብደቱንም በዚህ ብዜት ያካፍል። ውጤቱ 25 ከደረሰ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጧል። ወንድሜ ከ31 ተነሥቶ ወደ 27 ወርዷል፤ መንገዱንም ገና አልጨረሰም።

በሻያችን ውስጥ ያለውን ሦስት ማንኪያ ወደ አንድ እናውርደው፤ እራታችንን ቀደም አድርገን እንብላ፤ ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድመን እንውረድ። ከሁሉም በላይ የከሳ ወዳጃችንን ስናገኝ ሳናዝንለት «እንዴት ነህ?» ብለን እንጠይቀውና መልሱን እንስማ። ምናልባት ከዚያ በፊት ታሞ የነበረው አሁን መዳን ጀምሮ ይሆናል።