መብራት ሲሄድ የሚጠራ ጊታር

እምድብር ላይ ቤት ውስጥ ጊታር ለሚቀዳ ሰው ጠላቱ የክረምቱ ዝናብ ይመስላል። አይደለም። ቆርቆሮው እስኪበሳ ቢዘንብ የኤሌክትሪክ ጊታር አይሰማም፤ ፒካፑ የሚያውቀው ማግኔቱ አጠገብ የሚንቀጠቀጠውን የብረት ክር ብቻ ነው። ገመዱን ቀጥታ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ ላይ ሰክታችሁ፣ ኃይለኛው ምት ከጣሪያው 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ካስተካከላችሁ ዝናቡን እርሱት።

የሚያስቸግረው «እምምም» የሚለው ድምፅ ነው። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ያንን ከየሽቦው ይለቅማል። የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅል አጣምሮ አንዱ የሌላውን እምምታ እንዲያጠፋ አደረገ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ለፈጠራ መብት አመለከተ። የኔ ጊታር ግን ባለ አንድ ነው።

ስለዚህ ለኔ ንጹሑ ሰዓት መብራት የጠፋበት ነው። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኢንተርፌሱ ከላፕቶፑ፤ ጭጭ። ችግሩ፣ ያው ባትሪ እንጀራዬም ነው፤ እዚሁ ሆኜ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ኮድ እጽፋለሁ። በእጄ ያለችው ሁለት ሰዓት ናት፦ ወይ ለሥራው ወይ ለአንቺሆዬ።

አሁን ሕግ አውጥቻለሁ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጊታሩ ነው። ኮድ ነገም ይጻፋል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግረኝም።